ከዚር ሥር የበቀለ ናና

በዛሬው የቤተሰብ ማዕዘናችን አንዲት እህታችን የላኩልንን ደብዳቤ መነሻ አድርገን ወደ ጓሮ ብቅ እንላለን።

ደብዳቤው የመጣው በምዕራቡ ወሰን አካባቢ ከሚገኝ የጦር ሠፈር ነው። ጸሐፊዋ የአንድ ወታደር ባለቤትና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ጥያቄአቸው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ፔፐርሚንት የሚባለውን ናና በግቢያቸው ሁለት ጊዜ ተክለው ሁለት ጊዜ ደረቀባቸው፤ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። ከደብዳቤው ግርጌ ግን እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ትንሿ ልጃቸው ባለፈው ክረምት ተቅማጥ ይዟት፣ ሁለት ቀን ሙሉ የናና ውሃ ብቻ ሲሰጧት ቆይተው፣ በሦስተኛው ቀን በጤና ባለሙያ እጅ ለጥቂት እንደተረፈች ይገልጣሉ። ወደዚህች ዐረፍተ ነገር እንመለስበታለን፤ አንባቢም እስከዚያው በትዕግሥት እንዲከተለን እንጠይቃለን።

መልሱን ከመጻፋችን በፊት የቆላውን ጓሮ የሚያውቅ ሰው ማነጋገር ይሻላል ብለን በሠፈራችን አጠገብ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። እኒህ እናት ተወልደው ያደጉት በጎንደር በኩል ሲሆን፣ ከአገራችን ጋር በሚዋሰነው የሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በቁረይሻ፣ ሻይና ቡና በማፍላት ብዙ ዓመት ኖረዋል። እንደሚታወቀው ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። የመኸር ወራት በደረሰ ቁጥር ከወሰኑ ወዲህ ብዙ ወጣት ለአጨዳ ይሻገር ነበር፤ ሻይ አፍይ ሴቶቻችንም እንዲሁ። ሱዳናውያን ሻያቸውን ጥቁር አድርገው፣ ስኳሩን አብዝተው፣ በመጨረሻ አንድ ዘለላ ናና ብርጭቆው ውስጥ ጣል ማድረግ ይወዳሉ። እነርሱ ናዕናዕ ይሉታል፤ የእኛም ናና ከዚያው ቃል የተለየ አይደለም። ስለሆነም በቁረይሻ ሻይ ለሚያፈላ ሰው ናና ማጣት ማለት ደንበኛ ማጣት ማለት ነበር።

በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት፣ ውሃ በጀሪካን ተገዝቶ በሚጠጣበት አገር ለናና የሚተርፍ ውሃ ከየት ይመጣል? የእኒህ እናት መልስ አጭር ነበር። «እኔ ለናና ብዬ ውሃ ቀድቼ አላውቅም» አሉን። «እኔ ዚሩን አጠጣለሁ፤ ዚሩ ደግሞ እርሱን ያጠጣዋል።»

ዚር ማለት የእኛን ጋን የሚመስል፣ ላዩ ያልተቀባ የሸክላ የውሃ ማስቀመጫ ነው። ከጥላ ሥር በብረት ወይም በእንጨት መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ሸክላው ቀን ከሌት እንደ ሰው ያልበዋል፤ ይህም ወዝ በነፋስ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ በውስጡ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ያልተነነው ደግሞ በዚሩ ቂጥ ተሰብስቦ ጠብ ጠብ ይላል። እኒህ እናት ጠብታው በሚያርፍበት ሥፍራ መሬቱን ጎድጎድ አድርገው፣ አሸዋና የበሰበሰ የከብት ፍግ ሞልተው ናናቸውን ተከሉበት። ጥላ፣ እርጥበትና ነፋስ በአንድ ቦታ ተገኙለት ማለት ነው። እኛ ይህን ስንሰማ በየሠፈሩ ስንት እንስራና ጋን ያለ ሥራ ወለል ሲያረጥብ እንደሚውል አሰብንና ተደነቅን።

በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. የስናር ግዛት ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ስንጃ ሲደርስ፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ሸሸ፤ በገዳሪፍ የነበረውም ነገ የእኔ ነው ብሎ መሸከፍ ጀመረ። እኒህም እናት ወደ አገራቸው ለመመለስ ቆረጡ። ዚሩን መሸከም አልቻሉም። ከሥሩ ግን አንድ ጭብጥ ናና ከነሥሩ ነቅለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብተው ይዘውት መጡ። ዛሬ በደጃቸው በአራት ቆርቆሮ የምናየው ናና የዚያ ልጅ ነው። ዚሩን ከነተረፈው ናና ለጎረቤታቸው ለሱዳናዊቷ ሴት ትተውላቸው ነበር፤ ሴትዮዋ በስልክ በተገናኙ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ ስለ ናናው ይነግሯቸዋል።

እዚህ ላይ ስለ ዓይነቱ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። የእኒህን እናት ናና ቅጠሉን አገላብጠን አየነው። ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠሉም ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የወጣ እንጂ ይህ ነው የሚባል እጄታ የለውም። በአፍ ሲቀመስ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ነው። ይህ በየገበያው የተለመደው ናና ነው። ፔፐርሚንት ግን ቅጠሉ ጠቆር ያለ፣ አጭር ግን ግልጽ እጄታ ያለው፣ ግንዱም ብዙ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው፤ ሲታኘክ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ያቀዘቅዛል። የተገኘው የተለመደው ናና በውሃ ዳር ከሚበቅል ሌላ የናና ዘመድ ጋር ተዳቅሎ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ሜንታ ፒፔሪታ የሚለውን ስም ሰጥቶታል። እንደ በቅሎ ድቅል በመሆኑም ዘር አያፈራም። በዚህም የተነሳ በዓለም ላይ ያለ እውነተኛ ፔፐርሚንት ሁሉ ከሌላ ፔፐርሚንት ተቆርጦ ወይም ተነቅሎ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። የፔፐርሚንት ዘር ተብሎ በፖስታ የሚሸጥ ነገር ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩ። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥዕሉ ያማረ አንድ ፖስታ ገዝተን ዘርተን ነበር፤ የበቀለውም ሽታ የሌለው ቅጠል ሆነ። በአገራችን የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ መዓዛማና መድኃኒታዊ ተክሎች ምርምር የሚያካሂድ ሲሆን የናና ዓይነቶችም ከሚያጠናቸው መካከል ናቸው።

ፔፐርሚንት በደንብ የሚያብበው የቀኑ ብርሃን በጣም በሚረዝምባቸው አገሮች ነው። በእኛ ወሰን አካባቢ ረጅሙ ቀን ከ13 ሰዓት ፈቅ አይልም። ስለዚህ አበባ አልያዘም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ቢኖር አይጨነቅ፤ የምንፈልገው ቅጠሉን ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጓሮ እንመለስ። የመጀመሪያውን ናና የተከሉት በጥር ወር፣ በግቢው መካከል፣ በባዶ ዋልካ ላይ ነበር። ማታ ማታ አንድ ጀበና ውሃ ያጠጡት ነበር። የቁረይሻም ሆነ የመተማ ጥቁር አፈር ጠባዩ አንድ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የናና ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ከምድር በታች ጥቂት ጣት ወርዶ ወደ ጎን የሚሳብ ነው። አፈሩ ሲሰነጠቅ ሥሩን አብሮ ይበጥሰዋል፤ ያቺ አንድ ጀበና ውሃም በስንጥቁ ገብታ ሥሩ ወደማይደርስበት ትወርዳለች። ሁለተኛውን በሐምሌ ተከሉ። «ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ደረቀ» ይላሉ። እህታችን፣ ሁለተኛው ናናዎ አልደረቀም፤ ሰጠመ። ዋልካ በክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም፣ ሥሩም አየር አጥቶ በሰበሰ።

መድኃኒቱ ናናውን ከዋልካው ማውጣት ነው። አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ፣ ቂጡ በተበሳ ዕቃ ውስጥ መትከል ይበቃል። የዕቃው ጥልቀት አንድ ስንዝር ከሆነ መልካም ነው፤ ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱ ይጠቅማል። ለመትከያ ከለጋው ግንድ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች መልጦ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥላ ሥር ማቆም ነው። ውሃው በየሁለት ቀኑ ቢለወጥ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ነጫጭ ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ወደ አፈር ይዛወራል። የጠዋት ፀሐይ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ከረፋድ በኋላ ግን በኒም ዛፍ ወይም በዳስ ጥላ ሥር መሆን አለበት። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሲሰዱ እርጥበት ከተሰማዎ ያ ቀን ውሃ አያስፈልገውም።

በዕቃ ውስጥ መትከሉ ሌላም ጥቅም አለው። ናና ከተመቸው ጎረቤት አያስተርፍም። እኛ በአንድ ወቅት ከቲማቲም መደብ ዳር ሦስት ችግኝ ተክለን ለአንድ ክረምት ለሥራ ርቀን ስንመለስ ቲማቲሙን ፈልገን አጣነው።

ስለ ዕቃው ግን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ አካባቢ የአረምና የተባይ መድኃኒት የመጣባቸው ጀሪካኖች ታጥበው በየገበያው ይሸጣሉ። በእነዚህ ውስጥ ውሃ ማስቀመጥም ሆነ የሚበላ ነገር መትከል ፈጽሞ አይገባም፤ መርዙ በላስቲኩ ውስጥ ይቀራልና በማጠብ አይለቅም። የጀሪካኑን ታሪክ የማያውቁት ከሆነ አይግዙት። ለጦር ሠፈር ቤተሰቦች የሚቀርበው ሌላው ፈተና ባዶ የጥይት ሳጥን ነው። መልኩ ለአበባ መደብ የተሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱ እንዳይነቅዝ ተብሎ በኬሚካል የተነከረ ሊሆን ይችላል። አበባ ይተከልበት፣ ናና ግን አይተከልበት። የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የወተት ቆርቆሮ፣ አፉ የተሰበረ እንስራ ሁሉ ይሆናሉ።

ከዕቃው ሥር የሚቀመጠው ሳህን ውሃ አቁሮ እንዳይሰነብት በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይደፋ። የደንጊ ትንኝ እንዲህ ባለ ጥቂት ውሃ ትራባለች። አንዳንዶች ናና በደጅ ከተተከለ ትንኝ አይገባም ይላሉ፤ ይህን አምኖ አጎበሩን ያጠፈ ሰው ይጎዳል። የካላአዛርን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብም ቀኑን በዋልካው ስንጥቅ ተደብቃ ማታ ትወጣለች። ስለዚህ የጓሮ ሥራን ወደ ማለዳ ማድረግ ይመረጣል።

ቅጠሉን ለመጠቀም ከምድር ሁለት ሦስት ጣት አስተርፎ ግንዱን መቁረጥ እንጂ ቅጠል ቅጠሉን መንጨት ጥሩ አይደለም፤ የተቆረጠው ግንድ በሁለት እጥፍ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ዋግ ነው፤ የታመመውን ቆርጦ ማቃጠል ይገባል። ለማድረቅ በጥላ፣ በንጹሕ ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ማስጣት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ መዓዛው ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል። በሁለት ዓመት አንዴ አሮጌውን ሥር ነቅሎ ከአዲሱ ጫፍ መትከል ደግሞ ተክሉን ወጣት ያደርገዋል።

ለሻይ አንድ ዘለላ ቅጠል በፈላ ውሃ ላይ ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይበቃል። ክዳኑን አደራ! መዓዛው የሚሸሸው በእንፋሎቱ ነው። ደቆ ከዱባ ፍሬ መሰል አትክልት ማለትም ከኪያርና ከእርጎ ጋር ሲቀላቀል ለቆላ ምሳ የሚስማማ ማባያ ይሆናል፤ ከሎሚ ጋርም ውሃን ያጣፍጣል። በጥሬው የሚበላ ቅጠል ግን መታጠብ ያለበት በፈላ ወይም በታከመ ውሃ ነው። የዕቃ እጣቢም ሆነ የልብስ እጣቢ በቅጠሉ ላይ አይደፋ።

በነገራችን ላይ ናና ያቀዘቅዛል ሲባል አካልን ያቀዘቅዛል ማለት አይደለም። በውስጡ ያለው ሜንቶል የሚባል ንጥረ ነገር ብርድን ለአንጎል የሚያሳውቁትን ጅማቶች ይቀሰቅሳቸዋል እንጂ የሰውነት ሙቀት አንዲት ዲግሪ እንኳ አይቀንስም። በግንቦት ፀሐይ ተረኛ ሆኖ የቆመ ወታደር አንድ ብርጭቆ የናና ሻይ ጠጥቶ በረደኝ ቢል የሚያስፈልገው የውሃ መጠን አልተለወጠም።

ፔፐርሚንት የሆድ ጡንቻን እንደሚያላላና ንፋትንም እንደሚያስታግስ የታወቀ ነው፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ዘይት በካፕሱል ተዘጋጅቶ ለአንጀት ቁርጠት በሐኪሞች ይታዘዛል። ያው ማላላቱ ግን ቃር ላለበት ሰው ጠንቅ ነው፤ የጨጓራ በርን ስለሚያላላ ቃሩን ያብሰዋል። የናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ፣ እንደ ጥቁር ሻይ ሁሉ፣ ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንደ ልብ እንዳይገባ ያደርጋል። ነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ያለባቸው ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ቢጠጡት ይመረጣል። ሜንቶል ያለበት ቅባትም በሕፃን አፍንጫና ፊት አጠገብ አይቀባ፤ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና።

እንግዲህ ወደዚያች ዐረፍተ ነገር ደረስን። የልጅቷ እናት ያደረጉት ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ልጅ ሆዷን ስትታመም ናና ይፈላል፤ ልጅቷም ጥቂት ጸጥ ትላለች። ጸጥታው ነው አሳሳቹ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው ከቁርጠቱ ሳይሆን ከሰውነቱ ወጥቶ ከሚያልቀው ውሃና ጨው የተነሳ ነው። የናና ውሃ ቁርጠቱን ያስታግስ ይሆናል፤ ጨዉን ግን አይመልስም። ልጅ ከመዳከሙ የተነሳ ማልቀስ ሲያቆም ደግሞ የተሻለው ይመስላል። መስከረም 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ግዛት ኮሌራ መግባቱ በይፋ ተነግሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዋዜማ ክረምት በምዕራብ ጎንደርም በሽታው ታይቷል። ከወሰኑ ወዲህም ሆነ ወዲያ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ገበያ ነው። ኮሌራ ደግሞ ሁለት ቀን አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ተቅማጡ እንደጀመረ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለውን ኦ.አር.ኤስ. አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ መስጠት ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ትልቅ ኩባያ፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት ይገባል። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መቀጠል ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱ አይቋረጥበት። የዚንክ እንክብሉን የጤና ባለሙያ ያዛል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከቀረ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ተቅማጡ እንደ ሩዝ እጣቢ ውሃ ከሆነ ወይም ደም ከታየበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። በመንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ።

ይህን ለእኒያ የቁረይሻ እናት ስናነብላቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም «እኔም በዚያ አገር አንዲቱን በናና አስታምሜአለሁ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ተነሥተው ከጓዳ አንድ ካርቶን አወጡ። በውስጡ የደረቀ ናና የታሰረበት ላስቲክ ነበር፤ ከአጠገቡም ስድስት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት። ጎረቤት ናና ሊለምን ሲመጣ መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ለልጅ ከሆነ ከረጢቱንም አብረው ይሰጣሉ።

ለእህታችን ሦስት ሥር የያዙ ግንዶች በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው በሚመጣው መኪና ይላኩላቸዋል። ሲደርሱ ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይቁሙና በማግሥቱ ማታ ይተከሉ። የሰጡን ግን ከቁረይሻ የመጣው የተለመደው ናና መሆኑን እንወቅ፤ ፔፐርሚንቱን ከሰው ስናገኝ እናካፍላለን። በእኛ ሠፈር ያላችሁ ደግሞ የተበሳ ቆርቆሮ ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከዝግጅት ክፍላችን ደጃፍ ብትመጡ እኒህ እናት ራሳቸው ይገኛሉ። ቆርቆሮው ምን እንደነበረበት ይጠይቋችኋልና መልሱን ይዛችሁ ኑ።